«ለእሷ ሁለት፣ ለእኔ አንድ» ብሎኝ ወጣ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ጉዳዬ ለሌላ ሰው ሲነገር ቀላል ስለሚመስል ለማንም አላወራሁትም። እናቴ እንኳ «ለጨዋታ ብላችሁ ነው እንዲህ የተኳረፋችሁት?» ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን ጨዋታ ስንጫወት ቆይተናል። ለማያውቀው አንባቢ፦ ጠረጴዛ ተከቦ በወሬ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ጨዋታ መሪው እኔ ነኝ፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱን የምተርከው እኔ ነኝ። ሌሎቹ አራቱ አንድ አንድ ገፀ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚለየው ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው። አንዷ በሥራዋ ነርስ ናት፣ በጨዋታው ፈዋሽ ናት። አንዱ የሒሳብ መምህር ነው፣ አስማተኛው እሱ ነው። ቀስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ገና 19 ዓመቷ ነው። ተዋጊው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሯል፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቶ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣል። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

የሕጉ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ዋና ዋናውን ወደ አማርኛ መልሼ ለእያንዳንዳቸው በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የሚጫወቱት በዚያ ነው። የአክስቴን ልጅ ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ፤ የጓደኛዬም ያው ነው።

ጠቡን ያመጣው «ማድባት» የምንለው ድርጊት ነው። ተጫዋቹ በተራው ወዲያው አይመታም፤ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ያለው ነገር ሲደርስ በሌላው ተራ መሃል ገብቶ ይፈጽመዋል። ተዋጊውና ቀስተኛዋ ደረጃ 5 ስለደረሱ ባጠቁ ቁጥር ሁለቴ መምታት ይችላሉ። አድብተው ሲመቱስ?

የአክስቴ ልጅ ተኩላዎቹ ከጫካው እስኪወጡ አድብታ ሁለት ቀስት ስትለቅ ፈቅጄላታለሁ። ሁለቱም ገቡ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከዚያ በኋላ አንድ ረቡዕ ማታ ሱቅ ውስጥ ሕጉን ሳገላብጥ፣ ሁለተኛው ምት በራስ ተራ ብቻ እንደሆነ አየሁ። ቅዳሜ ደረሰ። ጓደኛዬ፣ ቆስሎ የገባ ጭራቅ የተደበቀበት በር ላይ፣ ብቻውን ቆሟል፤ የቀሩት ድልድዩ ላይ በሌላ ውጊያ ተይዘዋል። «በሩን ከፍቶ ብቅ ሲል እመታዋለሁ» አለ። ጭራቁ ወጣ። መታው፣ አገኘው። ለሁለተኛው ዳይሱን ሲያነሳ «አንድ ብቻ ነው» አልኩት። ጭራቁ የቀረችው 4 የሕይወት ነጥብ ነበረች፤ ዳይሱ ላይ 4 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣ ይገድለው ነበር። ጭራቁ መልሶ መታውና ጣለው። ነፍሱን ለማቆየት የሚጣለው ዳይስ 6 ወጣበት። ጭራቁ የወደቀውን ደገመው፤ ሞተ።

ጓደኛዬ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ለእሷ ሁለት፣ ለእኔ አንድ። ዘመድህ ናታ!» ብሎኝ ወጣ። ይኸው ሦስት ቅዳሜ አልመጣም፣ ስልክም አያነሳም። የአክስቴ ልጅም «በእኔ ምክንያት ነው» ብላ ቀርታለች። ሕጉን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነኝ። ልክ ከሆንኩ ይቅርታ የምጠይቀው ምን ብዬ ነው? ካልጠየቅኩስ ጓደኛዬን እንዴት አገኘዋለሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ



ወንድሜ፣

እናትህ በክፋት እንዳልሳቀችብህ ታውቃለህ፤ እሷ ያየችው ዳይስና ወረቀት ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ማለት ከስልሳ የማያንስ ቅዳሜ ነው። ስልሳ ጊዜ ከፋብሪካ በር ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ ወይም ሳይበላ፣ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ቤትህ የመጣ ሰው ነው የቀረብህ። እንቅልፍ ቢነሳህ አይገርመኝም።

በመጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ሕጉን ዘልዬ ስለ ስሜት ባወራህ እየሸሸሁ ይመስልሃል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ አሳታሚው በነጻ የለቀቀውን የሕግ ሰነድ አውጥቼ የውጊያውን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ነህ። በዚህ ጨዋታ አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ያህል ነው፤ በዙሩ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንድ ተራ አለው። በተራው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ድርጊት ይፈጽማል። ከተራው ውጪ ያለችው አንዲት አጸፋ ብቻ ናት፤ እሷም ከተሠራባት የምትመለሰው የራሱ ተራ እንደገና ሲጀምር ነው። የሚያደባ ሰው ድርጊቱን በመጠበቅ ላይ አውሎታል፤ ምቱን የሚሰነዝረው በአጸፋው ነው። ሁለቴ የመምታት ችሎታው ደግሞ የሚሠራው በራሱ ተራ የማጥቃት ድርጊት ሲወስድ ነው። ጭራቁ በሩን ከፍቶ የወጣው በጭራቁ ተራ ነው። ስለዚህ አንድ ምት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሕግ መጽሐፍም በ2024 ታርሞ የወጣውም እዚህ ላይ አይለያዩም።

ምክንያቱም ይታየኛል። አድብቶ የሚመታ ሰው ሰዓቱን መርጧል፤ ጠላት እሱ ወደሚፈልግበት ቦታ እስኪመጣለት ጠብቋል። የዚህ ዋጋው ሁለተኛው ምት ነው። አጸፋውንም ስለተጠቀመባት፣ ጠላት ከአጠገቡ ሾልኮ ቢሸሽ እንኳ በዚያ ዙር ሊመታው አይችልም። ተመዛዝኖ የተሠራ ሕግ ነው፤ አልከራከርህም።

አሁን የላክልኝን ፎቶ አብረን እንየው። አጉልቼ አይቼዋለሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከትንሿ የቀስት ሥዕል ጎን፣ በአንተ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ምት — በየተራው»። እንግሊዝኛው የሚለው «በራስህ ተራ» ነው። «በየተራው» ስትል ግን አንድም በተራህ ማለት ነው፤ አንድም ተራ በመጣ ቁጥር ማለት ነው፣ የጭራቁም ተራ ተራ ነውና፤ አንድም ሁለቱ ምቶች ተራ በተራ ይሰነዘራሉ ማለት ነው። ሦስቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። ጓደኛህ ከሦስቱ ሁለተኛውን ቢወስድ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? እንግሊዝኛውን አላነበበም፤ እንዲያነብም አልተጠየቀም። ለእሱ ሕጉ ይህች ወረቀት ናት። ደግሞም በዚህች ወረቀት መሠረት ሁለት ቀስት ሲፈቀድ በዓይኑ አይቷል።

እዚህ አገር ስለ ቃል ፍቺ መከራከር እንግዳ ነገር አይደለም። የመጽሐፍ መምህራን አንድ ቃል ይዘው «አንድም… አንድም…» እያሉ ሁለት ሦስት ትርጓሜ ያወርዱለታል፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይኖራሉ። በወሎ መስጊዶች ደረሶች መትኑን፣ ማለትም ዋናውን ጽሑፍ፣ ይዘው ሸርሁን፣ ማለትም ማብራሪያውን፣ ከሸኻቸው ይቀራሉ፤ ቃሉ ብቻውን እንደማይበቃ ሁሉም ያውቃል። የጨዋታው አሳታሚዎችም ለጥያቄዎች መልስ ሲሰጡ ሦስት ነገር እንደሚያዩ ጽፈዋል፦ የተጻፈውን፣ ጸሐፊው ያሰበውን፣ ጠረጴዛውን የሚያስደስተውን። ዳይስ እጅ ላይ ተይዞ ግን ሁለት ፍቺ አብሮ መኖር አይችልም፤ አንዱ መመረጥ አለበት። ለዚህ ነው ጨዋታው መሪውን ዳኛም ያደረገው። የዳኛ ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ፦ መጽሐፉን ይዞ ቢፈርድም፣ ሰዉ የሚጠብቀው ባለፈው እንደፈረደው እንዲፈርድለት ነው።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሕጉን ያየኸው ረቡዕ ማታ ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ነበር። በመካከል ሁለት ቀን አለ፤ ቅዳሜም ቢሆን ቡና እስኪፈላ ጊዜ ነበር። ለምን አልነገርካቸውም?

መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብህም። ግን እኔ የምገምተው ረስተኸው አይደለም። አራት ሰው የአንተን አፍ እያየ ነው የሚጫወተው፤ ሕጉን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። «ባለፈው ተሳስቼ ነበር» ማለት ከበደህ። ይህን ለመውቀስ አላነሳሁትም፤ ኃላፊነት የወሰደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክብደት ነው። ግን ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስላልተናገርካት፣ አዲሱ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው ዳይሱን በጨበጠ ሰው ላይ ሆነ። እሱ ደግሞ በሩ ላይ የቆመው ሁለት ምት አለኝ ብሎ ነው። አንድ ብቻ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ በራሱ ተራ በሩን ራሱ ከፍቶ ሁለቴ መምታት ይችል ነበር። ወይም ከበሩ ራቅ ብሎ ጓደኞቹን ይጠብቅ ነበር። ያጣው ምርጫውን ነው። ሁለተኛውን ምት የከለከልከው ደግሞ ምርጫውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ «ልክ ከሆንኩ ይቅርታ የምጠይቀው ምን ብዬ ነው?» ላልከኝ፣ በመጽሐፉ ስለፈረድክ ይቅርታ አትጠይቅም። ይቅርታ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ላይ ነው፦ አሻሚ አድርገህ ስለጻፍክለት፣ እና ካወቅክ በኋላ ዝም ስላልክ። ሁለቱም የአንተ ናቸው፤ ሁለቱንም ስታምን መጽሐፉን መካድ አይጠበቅብህም።

«ዘመድህ ናታ» ያለው ነገር እንደቆረቆረህ ገብቶኛል። ስታነበው ሐሜት ይመስላል። ግን አንድ ጊዜ በእሱ ወንበር ተቀመጥ፦ አንዱ ወረቀት፣ አንዱ ድርጊት፣ አንዱ ደረጃ፤ የተለየው የሰውዬው ማንነት ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ ሱቅህ ውስጥ ምን እንዳነበብክ አያውቅም። ያንን የማያውቅ ሰው ከዝምድና ሌላ ምን ምክንያት ሊያገኝለት ይችላል?

ልጅ ሳለሁ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን አባቴ ደጃፍ ላይ ከጎረቤታችን ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን «መብላት ግዴታ ነው» «አይደለም» ተባብለው ተነሱ። ክረምቱን ሙሉ አልተነጋገሩም፤ በር ለበር እያለን ሰላምታ እንኳ ቀረ። መስከረም ላይ ጎረቤታችን ሰሌዳውን ብብቱ ስር ይዞ መጣ። ስለ ሕጉ ምንም አላለም። ቁጭ አለና ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ፣ ያን ቀን እንደነበሩ አድርጎ ደረደራቸው። ክረምቱን ሙሉ በልቡ ይዟቸው ኖሯል። ከዚያ ወደ አባቴ ቀና ብሎ «ተራው ያንተ ነበር» አለው። አባቴ ያንን ቀን እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር።

አንተም እንደዚያ ብታደርግ ደስ ይለኛል። በስልክ አይሁን፤ በቴሌግራምም አትጻፍለት። ስልክ አለማንሳቱን እንደ ጥላቻ አትቁጠረው፤ ተጎድቶ ዝም ያለ ሰው ስልክ ላይ ምን ይላል? ሽማግሌም አሁን አትላክ፤ ነገሩን ካለው በላይ ያከብደዋል፣ እሱንም ያሳፍረዋል። ራስህ ውረድ። ስልሳ ጊዜ እሱ ወጥቷል፤ አንተ ለዚህ ጨዋታ ስንት ጊዜ ወርደሃል? ምናልባት አንድም ጊዜ አልወረድክም፤ ሱቁ አላስወጣህ ብሎ ይሆናል፣ አልፈርድብህም። ግን እሑድ አንድ ጠዋት ሱቁን ዘግተህ፣ ሚኒባስ ይዘህ፣ ሐረጎን ወርደህ ብትገኝ፣ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ግማሹን ተናግረሃል።

ስትገናኙ ንግግር አታዘጋጅ። በእኔ በኩል እንዲህ ብትለው ይበቃል፦ «ከዚያ ቅዳሜ በፊት ረቡዕ ማታ ሕጉን አንብቤ አድብቶ የመታ ሰው አንድ ምት ብቻ እንዳለው አይቼ ነበር። ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ወረቀቱንም እኔ ነኝ አሻሚ አድርጌ የጻፍኩት። አንተ የቆምከው በጻፍኩልህ ላይ ነው።» ከዚያ ዝም በልና እሱ ይናገር። ሊቆጣ ይችላል። ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ሌላ፣ ስለማታውቀው ነገር ሊያወራህ ይችላል፤ ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካ ድምፅ ውስጥ ለሚውል ሰው ያ ተዋጊ ምን እንደነበር ጠይቀኸው ታውቃለህ? ካልጠየቅከው አሁን ጠይቀው። «ግን እኮ መጽሐፉ…» የምትለዋን ግን ለዚያ ቀን ዋጣት። መጽሐፉ የትም አይሄድም።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። መውጫ መንገድ አላችሁ፤ ያውም ከአንድ በላይ። እኔ የምመርጠው ጨዋታውን ያቺ ዳይስ ወደተነሳችበት ቅጽበት መመለስ ነው። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ይባል የለ? ያን ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሕግ የአንተ ወረቀትና በተኩላዎቹ ላይ የሰጠኸው ፍርድ ነው። በዚያ ሕግ ሁለተኛ ምት ነበረው። ስለዚህ ይጣለው። ከሃያው ፊት አሥራ ሰባቱ የእሱ ናቸው፤ ሦስቱ የጭራቁ። ከሦስቱ አንዱ ቢወጣ ሞቱ ይጸናል፤ ግን ያኔ የገደለው ዳይስ ነው፣ አንተ አይደለህም። እሱ ይህን ልዩነት የሚያውቅ ይመስለኛል። አዲሱ ሕግ ደግሞ ከቀጣዩ ዙር ጀምሮ ለሁሉም እኩል ይሥራ። ጨዋታው እዚያው ላይ ስለቆመ የሚፈርስ ሌላ ነገር የለም፤ መመለስ ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው።

መመለሱን ባይወደው፣ «የምሕረት አስመሰላችሁት» ቢል፣ ፈዋሿ አለችላችሁ። በደረጃ 5 ያለች ፈዋሽ ከሞተ አንድ ደቂቃ ያልሞላውን ሰው የምታስነሳበት አስማት ማዘጋጀት ትችላለች፤ 300 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይጠይቃታል። ለእናንተ ሦስት ቅዳሜ አልፏል። በጨዋታው ውስጥ ግን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው ያለፈው። ድልድዩን ተሻግራ ለመድረስ አሥር ዙር የማይሞላ ጊዜ አላት፤ ከመንገዷ ላይ ያለው ጭራቅ ደግሞ 4 ነጥብ ነው የቀረው። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ታሪክ ካየነው ይኼኛው ይበልጣል። ነርሷ አስማቱን አዘጋጅታ እንደሆነና አልማዙ በእጃቸው እንዳለ ግን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ከሌለ ለመፍጠር አትሞክር፣ ሌላ ጥርጣሬ ታመጣለህ። የትኛውን እንደሚመርጥ እሱ ይወስን። ለሌሎቹም ቀድመህ ንገራቸው፤ አራቱም የጠረጴዛው ባለቤቶች ናቸው።

የአክስትህን ልጅ አትርሳት። በዚህ ሁሉ መሃል ምንም ያላጠፋችው እሷ ናት። ፈቅደህላት ነው የወረወረችው፤ ያ ጩኸትና ደስታም የሁላችሁም ነበር። አሁን ግን ያቺን ቀን ስታስታውስ ጥፋተኝነት ይሰማታል። ከኮምቦልቻ በፊት እሷ ጋ ሂድ። «ሁለቱ ቀስቶችሽ ልክ ነበሩ፤ በጊዜው ሕጋችን ነበር፣ ማንም አይነካቸውም» በላት። ጓደኛህም በእሷ ላይ ቂም የለው ይሆናል። ቢኖረው እንኳ በወዳጅነታችሁ መካከል እሷ እንዳትቆም ማድረግ የአንተ ሥራ ነው።

ስለ ወደፊቱ ብዙ አልልህም፤ የቤትህን ጠረጴዛ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ግን ብታደርጉ እወዳለሁ፦ የውጊያውን ሕግ አንድ ገጽ አድርጋችሁ አብራችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። የዚህ ጨዋታ መሠረታዊ ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ወጥቷል፤ ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ መተርጎም ትችላለህ። የአንተ ብቻ ሥራ አይሁን። መምህሩ ቃል ይመዝናል፣ ነርሷ መመሪያ ማንበብ የዕለት ሥራዋ ነው። «ተራ» እና «ዙር» እንዳይቀላቀሉ ተጠንቀቁ። «በየተራው»ን ሰርዛችሁ «በራስህ ተራ» በሉ። በጥንቱ ሰንጠረዣችን እንኳ ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ወረራ ይሉታል፣ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደቻሉ ያንቀሳቅሳሉ፣ ተራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። አንዱ ይህን አውቆ ሌላው ባያውቅ ምን ይፈጠር እንደነበር አስበው።

እግረ መንገዳችሁን የሁላችሁም ስልክ ላይ ያለው ሕግ የትኛው እንደሆነ ተያዩ። በ2014ቱ መድኃኒት መጠጣት ሙሉ ድርጊት ይወስዳል፤ በ2024ቱ ተጨማሪ በምትባለው አጭር ድርጊት ይጠጣል። ሳይታሰብ የተጠቃ ሰው በአሮጌው የመጀመሪያ ተራውን ያጣል፤ በአዲሱ ተራ ለመያዝ የሚጥለው ዳይስ ብቻ ነው የሚከብድበት። አሁን ባታስተካክሉት የሚቀጥለው ጠብ ከዚህ ይመጣል።

ጨዋታ መሃል ሕግ ሲያከራክር ቶሎ ወስኖ ማለፍ እንደሚሻል የሚናገሩ ብዙ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። የአንድ ሰው ገፀ ባሕርይ ሊሞት የሚችልበት ቦታ ላይ ከደረሳችሁ ቁሙና አንብቡ። አምስት ደቂቃ ጨዋታ አይገድልም። ሕጉ ተጫዋቹ ካሰበው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «እንግዲያው ምን ታደርጋለህ?» ብለህ እንደገና እንዲመርጥ ፍቀድለት። ያን ቅዳሜ በሩ ላይ ይህችን ጥያቄ ጠይቀኸው ቢሆን ኖሮ፣ ቢሞትም እንኳ ቡናውን ጠጥቶ፣ ስቆ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ የሚወርድ ይመስለኛል።

እሑድ ስትወርድ ያቺን ሃያ ፊት ያላት ዳይስ ኪስህ ያዛት። ታርቃችሁ ከሆነ፣ እሱም ሁለተኛውን ምት ከመረጠ፣ ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ቁጭ ባላችሁበት፣ ለሌሎቹ በስልክ እያሰማችሁ ይጣላት። ዳይሷን አንተ አትንካት።

ስንት እንደወጣ ጻፍልኝ።